ማታ በ1 ሰዓት ተኩል አልጋ ውስጥ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሩቅ አልመጣም። ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ስለሚል ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋ ስሜ አይውጣ ብላለች። ራሷን የጠራችው «ቆፈናሟ» ብላ ነው።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ 26 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ሥራ አግኝቼ ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ገና 5 ወሬ ነው። የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ።

ክረምቱን በዝናቡ እያማረርኩ አሳለፍኩት። መስከረም ሲጠባ ይሞቃል ብዬ ነበር። ጭራሽ ከጥቅምት ወዲህ ያለውን ብርድ ምን ብዬ ልንገርዎት! ከሥራ ስገባ ራቴን ጎረስ ጎረስ አድርጌ በ1 ሰዓት ተኩል ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። ከዚያ ቲክቶክ ላይ እጣዳለሁ። ትንሽ አይቼ እተኛለሁ ስል ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ አለ። አለቃችን ማታ በ4 ሰዓት ‹ነገ ጠዋት ሪፖርቱ ይድረሰኝ› ብሎ ይጽፋል። ካየሁት እንቅልፌ ይጠፋል። ካላየሁት ጠዋት ቁጣ አለ። ባለፈው ሳምንት ስልኬ 30 ፐርሰንት እያለው ሌሊት ጠፋና አላርሙ ሳይጮህ ቀረ። አንድ ሰዓት አርፍጄ ስገባ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ጠዋት ስነሳ ራሴን ያመኛል። ምግብ አያሰኘኝም። ትንሽ ነገር ያስለቅሰኛል። ማታ ከሰል አያይዤ ክፍሌን ለማሞቅ እሞክራለሁ፣ እሱም ያው ነው። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ‹ነይ ቡና ጠጪ› ይሉኛል፣ እኔ ግን ሰው ማስቸገር አልወድም። እናቴ በየሳምንቱ በመኪና ማሾና ሽንኩርት ትልክልኛለች። ብቻዬን መቼ ልጨርሰው? ስልኬን ሸጬ ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ልያዝ አስቤያለሁ። ሱስ ሆኖብኛል መሰለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ ቆፈናሟ፣

ስለ ስልኩ እናወራለን። መጀመሪያ ግን ከሰሉን ከክፍልሽ አውጪው። ይህን የምታነቢው ማታ ከሆነና ማንደጃው አጠገብሽ ካለ፣ ተነሺ፣ በሩን ክፈቺ፣ ደጅ አስቀምጪው፣ ተመልሰሽ አንብቢ። እጠብቅሻለሁ።

ከሰሉን በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። እኔን ግን ከደብዳቤው ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ጠዋት ራስ የሚያመው በጭንቀትም፣ በእንቅልፍ እጦትም ሊሆን ይችላል። ማታ ከሰል ነዶበት በተዘጋ ክፍል ያደረ ሰው ጠዋት ራሴን አመመኝ፣ ምግብ አስጠላኝ ሲል ግን እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ከሰሉን ነው።

እኔም ልጅ ሆኜ፣ መሐል ሜዳ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። አንድ ማታ ቡና አፍልተን ስናበቃ የተረፈው ፍም አሳሳን። «ለምን በከንቱ ይጥፋ፣ ቤቱን ያሙቅልን» አልንና ማንደጃውን በሁለታችን አልጋ መካከል አስቀምጠን ተኛን። የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፈነዋል። ሌሊት የነቃሁት ሽንት አጣድፎኝ ነው። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። በዳዴ ሄጄ በሩን ከፈትኩና ደጅ ላይ አስመለስኩ። ባልደረባዬን በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። እሷም ለረጅም ጊዜ እያጉረመረመች ቆይታ ነው አይኗን የገለጠችው። ያን ሌሊት ሽንቴ ባይመጣ ኖሮ ይህን ዓምድ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ጉሮሮ አይከረክርም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበት ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቀውም፣ ኦክስጅኑም ቦታ ያጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጢሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነው። ጋዙ በብዛት የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር ሲተያይ 30 በመቶ ያህል ይሳሳል። ከዚያ ላይ ማንደጃ ሲጨመር አስቢው።

ቡና ማፍላት ካማረሽ በርና መስኮት ከፍተሽ አፍዪ። ከመተኛትሽ በፊት ፍሙ ደጅ ይውጣ። ከሰሉን ካቆምሽ በኋላም ራስ ምታቱ ከቀጠለ ሐኪም ጋ ሂጂ። ማዞርና ማቅለሽለሽ ካለብሽ ደግሞ ነገን አትጠብቂ።

እሺ። አሁን ወደ ስልኩ።

ሱስ ሆኖብኛል አልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት አምስት ሰዓት ተኩል ነው። አልጋ ውስጥ የገባሽው እንቅልፍ መጥቶብሽ ነው? አይደለም። በርዶሽ ነው። የ26 ዓመት ልጅ በ1 ሰዓት ተኩል ምን እንቅልፍ አላት? አንገትሽ ድረስ ተከናንበሽ፣ ዓይንሽ ፈጦ፣ ምን ልትሠሪ ነው? መጽሐፍ ልያዝ ብትዪ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ሁለቱም ቆፈን ይይዛቸዋል። ጥልፍ ልጥለፍ፣ ልብስ ልተኩስ ብትዪ መነሳት አለ። ከብርድ ልብሱ ልታወጪ የምትደፍሪው አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው። በአንድ አውራ ጣት የሚሠራ ሥራ ደግሞ ያው አንድ ነው። ወደ ላይ መግፋት፣ ወደ ላይ መግፋት።

ስለዚህ ስልኩን ሸጠሽ ባለ ቁልፉን ብትገዢ ምን ትሆኛለሽ? በ1 ሰዓት ተኩል አልጋ ውስጥ ገብተሽ ኮርኒስ ታያለሽ። ስለ አለቃሽ ታስቢያለሽ። ታለቅሻለሽ። ለዚህ ለዚህ ቲክቶኩ ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ጊዜ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔ በሞኝነቴ «ቢያንስ እንቅልፌን እጠግባለሁ» ብዬ ነበር። የት! ሬዲዮ ጣቢያ እያገላበጥኩ አነጋ ነበር። ስልኬ ላይ ምንም እንደሌለ እያወቅኩ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ለመተኛት የስልክ አለመኖር ብቻ አይበቃም። ማታውን የሚሞላው ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ያንቺ ማታ ውስጥ ደግሞ ከአልጋሽ በቀር ሙቅ መቀመጫ የለም። እኔ ችግርሽ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ብርዱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እንደ ድክመት የቆጠርሽው ይመስላል። ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ከዚያ ጣርማበርን ወጥተሽ እዚህ ስትደርሺ ከ1500 ሜትር በላይ ወደ ላይ ሄደሻል። አየሩ በየ1000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ሒሳቡን ሥሪው፣ አንቺ ባንከር ነሽ። በሻሽና በሸበጥ ካደግሽበት አገር 10 ዲግሪ ያህል የሚቀንስ አገር ገብተሽ፣ በ5 ወር ለምን አልለመድኩም ብለሽ ትበሳጫለሽ። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ መሆናቸው ያሳስታል።

ደግሞ «መስከረም ሲጠባ ይሞቃል» ያልሽው የቆላ ሰው ሐሳብ ነው። እዚህ ሌላ ነው። ስልክሽ ላይ ያለው አስተርጓሚ የፈረንጁን ዊንተር «ክረምት» ይለዋል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ቀኑ ይጨልማል፣ ጭቃ ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን ደመና አለው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ ቀን የገባውን ሙቀት ያፍናል። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማታ ግን ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፣ የሚመልስላት የለም። ጠዋት ሣሩ ላይ የምታዪው አመዳይ የዚህ ውጤት ነው። ገበሬው ባቄላውን ውርጭ እንዳይመታበት ሌሊቱን የሚጨነቀው በዚህ ወቅት ነው። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሯት በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። የቀን ነገር እንጂ የሌሊቱን ብርድ የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ። ለነገሩ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጠውባታል፣ ለምደውት ይሆናል።

አሁን እንሙቅ።

ሰው ሲበርደው ከላይ ይደራርባል። አንቺም ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ይኖርሽ ይሆናል። ከሥርሽስ? ስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ፣ በተለይ ቀጠን ያለ ከሆነ፣ ሲሚንቶው ከታች ሙቀትሽን ይመጠዋል። ከላይ ካሉት አንዱን አውርጂና ከሥር አንጥፊው። ሌሊቱን ለውጡን ታዪዋለሽ። አቅም ካለሽ ደግሞ የመንዝ ባና ፈልጊ። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፣ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ይኮሰኩሳል፣ ይከብዳል፣ መጀመሪያ አካባቢ የበግ ሽታም አለው። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። በነጠላ ለብጠሽ ብትለብሽው አይኮሰኩስሽም። ቀለም ያማረውን ከሱቅ የሚገዛውን ስስ ብርድ ልብስ ለእንግዳ አስቀምጪው።

እግርሽን አስቀድሚ። እግር ከቀዘቀዘ እንቅልፍ አይመጣም። ሰውነት ለመተኛት ሲዘጋጅ ሙቀቱን በእጅና በእግር በኩል ወደ ውጭ ያወጣል። እግርሽ በረዶ ከሆነ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ከመተኛትሽ በፊት እግርሽን በሞቀ ውሃ ታጠቢ፣ በደንብ አድርቂ፣ ደረቅ ካልሲ አድርጊ። ቀኑን ሙሉ ያደረግሽውን ካልሲ አይደለም፣ እሱ ላብ አለው፣ እርጥብ ነገር ይቀዘቅዛል። ፋርማሲ የላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ ካገኘሽ ግዢ። ካጣሽ ሃይላንድም ይሆናል፣ ግን የፈላ ውሃ አታድርጊበት፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ከእግርሽ ሥር ክተቺው። ራስሽን በሻሽ እሰሪ። እናቶቻችን ሻሽ አስረው የሚተኙት ለጌጥ አልነበረም።

በርሽ ሥር ክፍተት ካለ አሁን ከሰሉ ስለወጣ ጨርቅ መወተፍ ትችያለሽ። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው አከራይሽን ጠይቂ፣ በጆንያም ቢሆን ይወጠር። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለመግዛት ካሰብሽ በዲቫይደር ላይ ከሌላ ነገር ጋር አትሰኪው፣ የሰርቪስ ክፍሎችን የመብራት ገመድ አውቀዋለሁ።

አረቄ «ያሞቃል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እዚህ አገር በተለይ አይጠፋም። የሚያሞቀው ቆዳሽን ነው። ደሙን ወደ ቆዳ ይልከዋል፣ ደስ ይልሻል፣ ከዚያ ሙቀቱ ወጥቶ ይሄዳል፣ ከበፊቱ ብሶ ይበርድሻል። እንቅልፉም ሌሊት ላይ ይቆራረጣል።

ምግብ አያሰኘኝም ብለሻል። ደጋ ላይ ሳይበሉ መሞቅ የለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ከኅዳር 15 ወዲህ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ የምትጾሚ ከሆነ አጥንቱ ለገና ይቆይሽ። ትኩስ የአጃ ሾርባ አለ። በተልባ የተለወሰ በሶ አለ። ሽሮ ከምድጃ ሲወርድ እየተንተከተከ አለ። ማሾም አለሽ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፀሐይ ሙቂ። የባንክ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ውስጥ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። ግን ምሳ ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ግንብ ተደግፈሽ ቁሚ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ ጥላ ጥላውን አትሂጂ። የጠዋት ብርሃን ለሰውነትሽ «አሁን ቀን ነው» ይለዋል፣ ማታ እንቅልፉ በሰዓቱ እንዲመጣ ያደርጋል። ስልኩ ማታ ፊትሽ ላይ የሚያበራው ብርሃን ደግሞ ያንኑ ቃል በተሳሳተ ሰዓት ይናገራል። ፊትሽን ቅባት ተቀቢ እንጂ፣ የደጋ ፀሐይ ያከስላል።

አሁን ወደ አለቃሽ ልምጣ።

ሰው ፊት መጮሁ ነውር ነው። ማርፈድሽ ጥፋት ነው፣ እሱም ለብቻሽ ጠርቶ መናገር ይችል ነበር። ይህን ከአንቺ ጋር ሆኜ እናደዳለሁ። ስለ ማታው መልእክት ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ማታ በ4 ሰዓት «ሪፖርቱ ይድረሰኝ» የሚል ሰው ምን እያደረገ ይመስልሻል? እኔ እሱም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በአንድ አውራ ጣት የጻፈው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከላይ ያለ ሌላ አለቃ ጽፎለት፣ እሱ ደግሞ ጭንቀቱን ወደ ግሩፑ አውርዶ፣ ቀለል ብሎት ተኝቷል። አንቺ ተረክበሽ እስከ 7 ሰዓት ታድሪበታለሽ።

እስቲ ባለፈው ወር ማታ የመጡትን መልእክቶች ወደ ኋላ ሄደሽ ቁጠሪያቸው። ከእነዚህ ውስጥ በእውነት በዚያው ሌሊት የተሠራ ነገር የሚጠይቅ ስንት ነበር? በስንቱስ ሌሊቱን ነቅተሽ አንድ መስመር ሠራሽ? ባንኩ ዝግ ነው፣ ሲስተሙ ቢሮ ነው። ማታ ማየትሽ ሪፖርቱን አላፈጠነውም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁርስሽን እየበላሽ ብታዪው ያው ነው።

ስለዚህ ግሩፑን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሚዩት አድርጊው። በድብቅ ግን አታድርጊው፣ ይባስ ትፈሪያለሽ። ረጋ ባለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ፣ ግቢና ንገሪው። ብዙ አታብራሪ፣ ይቅርታም አታብዢ። «ጋሼ፣ ማታ የሚላከውን ጠዋት ከመግባቴ በፊት አይቼው እገባለሁ። በጣም አስቸኳይ ከሆነ ግን ይደውሉልኝ፣ አነሳለሁ» በቂ ነው። «ይደውሉልኝ» የሚለው ቃል ጥሩ ማጣሪያ ነው። ሰው ማታ በ4 ሰዓት ለመጻፍ አያፍርም። ለመደወል ግን ያፍራል። ደወለ ማለት እውነትም አስቸኳይ ነው።

ሕጉም በአንቺ ወገን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ግን ገና ገብተሽ አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ አታንጥፊው። እወቂው፣ ልብሽ ይደገፍበት። በምክር ያልተመለሰ ነገር ሲገጥምሽ ያኔ ታወጪዋለሽ።

ስልኩ 30 ፐርሰንት እያለው ጠፋ ያልሽው አንቺን ሊያጭበረብር አይደለም። ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲበርደው ይሰንፋል፣ ኤሌክትሪኩ እንደ ልብ አይፈስም። በተለይ ያረጀ ባትሪ ከሆነ ኃይሉ ድንገት ያሽቆለቁላል፣ ስልኩም ራሱን ያጠፋል። ሲሞቅ መልሶ ሲነሳ 25 ምናምን ያሳይሻል። ያ ቁጥር ግምት ነው። ቆፈን የያዘው አንቺን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ትራስ ሥር አድርገሽ ቻርጅ አታድርጊው እንጂ፣ እሱም ሌላ አደጋ አለው። በጣም ቀዝቅዞ ካደረ ቀድሞ ይሙቅ፣ ከዚያ ሰኪው።

አላርም ግን ለስልክ አትስጪ። ከስልኮች አብዛኞቹ ከጠፉ አላርማቸው አይጮህም። ትንሽ የደወል ሰዓት ግዢ፣ ባለ ትልቅ ቁጥሯን። ይህች ሰዓት ሁለተኛ ጥቅም አላት። «ሰዓት ልይ» ብለሽ ሌሊት ስልክ አትከፍቺም። የምንጠመደው እኮ እንደዚያ ነው። ሰዓት ልናይ ከፍተን፣ የአንድ የማናውቃት ሴትዮ ሠርግ ላይ እንገኛለን። ስልኩን ቻርጅ ላይ በሩ አጠገብ፣ እጅሽ በማይደርስበት ቦታ ተዪው። ለማንሳት ከባናው መውጣት ያስፈልጋል። ብርዱ ለአንድ ጊዜ እንኳን ይጥቀምሽ።

ማልቀስሽን አቃልዬ አላይም። ሰው ፊት ተዋርዶ ሽንት ቤት ገብቶ ማልቀስ የማንም ሰው ነገር ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ከሞቅሽ፣ ከተኛሽ፣ ከሰሉን ካወጣሽ በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ልቅሶው ካልተወሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ምግቡም እንደዘጋሽ ከቀረ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂጂ። «አበደች ይሉኛል» አትበዪ። ጉንፋን ሲጠናብሽ እንደምትሄጂው ነው። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይቆጠርም፣ ለሰው ዛሬውኑ ንገሪ።

የቀረን ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለችው ነገር ናት። ሁለት ሰዓት። ይህችን ከአልጋ ውጭ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ካሳለፍሽ ቀሪው ይስተካከላል። ቦታውን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽልኛል፣ ሳታስተውዪው። አከራይሽ «ነይ ቡና ጠጪ» ይሉሻል።

ሰው ማስቸገር አልወድም አልሽ። ልጄ፣ የደጋ ሴት ማታ ምድጃ ዳር ብቻዋን መቀመጥ አትወድም። ማገዶው ለአንድ ሰውም ለአራትም ያው ነው የሚነደው። «ነይ» ያለችሽ ለይሉኝታ ቢሆን ኖሮ አንዴ ብላ ትተወው ነበር። ደጋግማ ከጠራችሽ ፈልጋሽ ነው። ምናልባት ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው። ምናልባት እሷም ስልኳን እያየች ነው የምታመሸው፣ ማን ያውቃል። ሂጂና ተቀመጪ። ቡናው ግን ለጠዋት ይሁንልሽ፣ ማታ ስኒውን ተቀብለሽ ፉት ብለሽ አስቀምጪው፣ አለዚያ እስከ 7 ሰዓት የሚያስቀምጥሽ ሌላ ምክንያት አገኘሽ። ቆሎ ቆርጥሚ። እሳት ዳር ሁለቱም እጅ ነፃ ነው። እናትሽ ስትደውልም እዚያው አውሪያት፣ ከሰው ጋር መሆንሽን ድምፅሽ ይነግራታል።

ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ማሾው አለ አይደል? ግማሹን ስፈሪውና ይዘሽ ግቢ። የደጋ ሰው ማሾ ብዙም አይሠራም፣ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁሻል። ሽንኩርቱን አንቺ ክተፊ፣ ድስቱን እሳቸው ይጣዱ። የሸዋ ሮቢት አሠራር እንዴት እንደሆነ ለእኔም ጻፊልኝ፣ እኔ ስሠራው ሁልጊዜ ይፈርስብኛል።